አባት ሲያልፍ የሚነበበው ወረቀት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ቤት፣ አራት ወንድምና እኅት አንድ ደብተር ከበው ተቀምጠዋል። አባታቸው ማምሻውን አርፈዋል። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ያገጣጥማሉ። ጓዳ ሴቶቹ ለንፍሮ የሚሆነውን ስንዴና ባቄላ ይለቅማሉ። እናትየው ፍራሽ ላይ በዘመድ ተደግፈዋል። ሲነጋ ጥሩንባው ይነፋል። ከዚያ በፊት የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ፣ መንገድ ዳር ካለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተተይቦ መምጣት አለበት።

የምትጽፈው የመጨረሻዋ ልጅ ናት። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብላ ጀመረችና ዓመተ ምሕረቱ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ታላቅ ወንድሟ «ጣልያን ሲወጣ ዳዴ ይሉ ነበር» አለ። አክስታቸው ከፍራሹ ላይ ሆነው «የለም፣ ከዚያ ኋላ ነው» አሉ። መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ነው፤ የጡረታ ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ። ተስማምተው አንዱን ጻፉ። ትምህርት አንድ መስመር ወሰደ፤ ሥራ ሁለት መስመር፤ «በድሬሰርነት አገልግለዋል» የሚል። ከዚያ «ሩኅሩኅ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ተባለ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተባለ። የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ገባ፤ አለቀ። የደብተሩ ገጽ እንኳ አልሞላም።

የዕድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ሲነበብላቸው ዝም ብለው አዳመጡ። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የማንም ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «የአባታችሁን ጻፉ እንጂ።»

ከጋቢያቸው ሥር ያወጡት የዕድሩን መዝገብ ነበር፤ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ፣ ጥጋጥጉን እርጥበት ያበላሸው ትልቅ መዝገብ። የሟች ስም፣ የቀብር ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የወጣው ድስትና አግዳሚ ወንበር ሁሉ በአንድ ሰው ቀጭን የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። ሟቹ ለረጅም ዘመን የዕድሩ ጸሐፊ ነበሩ። ዳኛው ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገለጡ፤ አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «ቡና ለቃሚ። አገሩ አልታወቀም። ዕድርተኛ አይደለም። ተቀብሯል» ይላል።

«ደንባችን ላልከፈለ ሰው አይፈቅድም ብለን ስንከራከር፣ አባታችሁ ተነሡና ‹ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እኔው አፍርሼዋለሁ› አሉ። ድንኳን ተከልን፤ ልቅሶም ተቀመጥን፤ ለማናውቀው ልጅ።»

«እኛ ይህን ሰምተን አናውቅም» አለች ልጅቱ። ገጹን ገልጣ እንደ አዲስ ጀመረች።

* * *

ይህን ወረቀት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ፍትሐቱ ሲያበቃ፣ ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ሳይወርድ፣ ከዘመድ መካከል ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ጃንጥላ ተይዞለት ያነበዋል። በወንጌላውያን ዘንድ በሽኝቱ ፕሮግራም ላይ በመዝሙር መካከል ይነበባል። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ስለሚፈጸም የሟቹ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ከዱዓው በኋላ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ነው። ንባቡ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ አርባው ሲወጣ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

አዲስ አበባ ቢሆን ጉዳቱ ይቀልል ይሆናል። እዚያ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ጋዜጣ አለ፤ መጽሐፍ የሚጽፍም የሚያስጽፍም ሰው ሞልቷል። ሚዛን፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ ቦንጋ ግን ታሪካቸው በአብዛኛው ያለው በሰው አፍ ነው። ወደ ጽሑፍ የሚለወጠው ደግሞ በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ሰውየው በሞተ ሌሊት፣ እንቅልፍ ባጣና እንባ ባፈነው ልጅ እጅ። አንድ አገር ትዝታውን የሚጽፍበት ከዚህ የከፋ ሰዓት አላውቅም።

ለዚህ ነው «ደግ ነበሩ» የሚለው ቃል የሚያሳዝነኝ። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቹ እውነትም ደጎች ነበሩ። ግን ደግነታቸው ቀን ነበረው፤ ቦታ ነበረው፤ ያስከፈላቸው ዋጋ ነበረው። እሱን ትተን ስሙን ብቻ ስናነብ አባትን ከአባት የሚለየው ነገር አብሮ ይቀበራል።

* * *

የነዚህ ከተሞች አባቶች እነማን ናቸው?

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ዛሬ አስፋልት ነው። አስፋልቱ ሳይመጣ ክረምት ላይ መኪና በጭቃ ተይዞ የሚያድርበት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ ሦስት አውሮፕላን በሚዛን፣ በቴፒና በማጂ የሣር ሜዳዎች ላይ የሚያርፍበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ወይ መንግሥት መድቦት ነው፣ ወይ ቡና ጠርቶት ነው፣ ወይ ችግር ገፍቶት ነው። ከመጣ በኋላ መመለሱ ቀላል አልነበረምና ብዙው እዚሁ ቤት ሠራ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ ተቀበረ።

ድሬሰር የሚባለውን ሙያ የዛሬ ወጣት ላያውቀው ይችላል። ሐኪም አይደለም፤ ነርስም አይደለም። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማደል የተማረ ሰው ነው። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ቢጀምርም፣ ከዋና መንገድ ርቆ ያለው ሕዝብ የሚያገኘው ድሬሰሩን ነበር። ክሊኒኩ የሱ ነው፤ ሌሊት በሩ የሚንኳኳው የሱ ነው፤ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አሸክሞ ጅረት የሚሻገረው እሱ ነው። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሕዝቡ «ወባ ማጥፊያ» ብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ዲዲቲ አሸክሞ በየመንደሩ ሲያሰማራ፣ እንደ ቴፒ ባለ ሞቃት አገር ወባ ቤት ዘግቶ የሚሄድ በሽታ ነበር። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመርም ክትባቱ በእግርና በበቅሎ ነበር የሚደርሰው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ዓለም ያንን ድል ሲያከብር የጄኔቫን ስም ጠራ። ደኑን አቋርጠው መርፌውን ይዘው የሄዱት ሰዎች ስም ግን ያለው፣ ካለ፣ ልጆቻቸው በአንድ ሌሊት በጻፉት ወረቀት ላይ ነው።

መምህሩም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ሲበተኑ የቡናው አገርም ድርሻውን ተቀበለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርት ከተሰጠባቸው አሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ካፋ-ሞቻ ነበር። በኩራዝ ብርሃን፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊደል የቆጠሩ አዛውንቶች ዛሬም ሲተርኩ ይሰማሉ። ማን አስተማራቸው? በየሰፈሩ ስሙን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ።

የቡናውን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ ለዚህ አገር ቡና ሥራም ኑሮም ነውና። በ1963 ዓ.ም. ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፈንገሱ ገና አረንጓዴ ያለውን ፍሬ ያጠቁረዋል፤ ፍሬው እዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየደኑና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ፍሬው ንጹሕ ሆኖ የቆመውን እናት ዛፍ ፈለጉ። የተገኙት ዝርያዎች 741፣ 74110፣ 74112 እየተባሉ በቁጥር ተሰየሙ፤ 74 ቁጥር የተመረጡበትን የፈረንጅ ዓመት ያመለክታል። ከምርምሩ እስከ ገበሬው ጓሮ ያለውን መንገድ የሄዱት ግን የልማት ሠራተኞችና የችግኝ ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ያረጀውን የአባቱን ቡና ነቅሎ በቁጥር የሚጠራ ችግኝ እንዲተክል ገበሬን ማሳመን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሠራው ሰው ያውቀዋል። ከሚዛን በስተ ደቡብ የበበቃ የቡና ልማት ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ይዞታ ይዞ፣ በቴፒም ሌላው ሰፊ እርሻ ሲቋቋም ከከምባታ፣ ከሐድያ፣ ከወላይታ፣ ከዳውሮና ከካፋ ለቀማ የመጣው ሰው እንደ ጎርፍ ነበር። ብዙዎቹ ወቅቱ ሲያበቃ ተመለሱ፤ ጥቂቶቹ በዕድር መዝገብ ላይ «አገሩ አልታወቀም» ተብለው ቀሩ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ የመታው የወሎ፣ የትግራይና የሸዋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሰፈረ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው። ያ ሰፈራ ብዙ ቁስል አለው፤ በሰፋሪውም በነባሩም ላይ። ያም ሆኖ ጎደሬና እንሰት የማያውቀውን እንግዳ እንዴት እንደሚበላ ያሳየው፣ ከራሱ ድርሻ መሬት የለቀቀለት፣ በወባ ሲወድቅ ደጁ ድረስ የሄደው የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካ፣ የመዠንግር አባት ነው።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «አገልጋይ አባት» ስንል ደመወዝ የሚከፈለውን፣ ማኅተም ያለውን፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውን ብቻ እንቆጥራለን። ነባሩ አባት ደብዳቤ ስለሌለው ታሪክ የሌለው ይመስለናል። የካፋ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በቤንችና በማጂ አገር የደረሰው የገባርነትና የባሪያ ንግድ መከራ መንደሮችን ባዶ አድርጓል። ከዚያ የተረፈው ትውልድ ልጆቹን ያሳደገው፣ ደኑን የጠበቀው፣ ጠበኛውን ያስታረቀው ማንም ሳይጽፍለት ነው።

ደኑን እንውሰድ። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዘገቡ። በምዝገባው ሰነድ ውስጥ ስለ ዛፍ ዓይነቱ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ ዱር ቡናው ብዙ ተብሏል። ያ ደን እስከዚያ ቀን የቆየው ግን የሸካ የጎሳ አባቶች «ከዚህ አይቆረጥም» ብለው የከለሉት ቦታ ስለነበረ ጭምር ነው። «በዘመናቸው ይህን ደን ያላስደፈሩ» የሚል የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።

የጌሻ ቡናም ነገር እንዲሁ ያስቆጫል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጌሻ ዘር ከዚህ አገር ወጣ፤ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ካፒቴን ሪቻርድ ዌሊ በ1936 ዘሩን ከላኩት አንዱ ነው። ዘሩ ኬንያና ታንዛንያ ደረሰ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ፣ ከዚያ ፓናማ ገባ። በ2004 ላ ኤስሜራልዳ የተባለው የፓናማ እርሻ ለውድድር ሲያቀርበው የዓለም ቡና ቀማሾች ተደመሙ፤ ዋጋውም እስከዚያ ያልተሰማ ሆነ። የላኪው ስም አለ፤ የእርሻው ባለቤት ስም አለ። ዛፉን ያሳየው፣ ዘሩን የለቀመው የአገሩ ሰው ስም ግን ከፍሬው ጋር አብሮ አልተጓዘም። እሱም የአንድ ቤት አባት ነበር።

ማስታረቁንም አልዘለውም። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒና በአካባቢዋ ብዙ ሰው የሞተበት ግጭት ተነሣ፤ ከዚያ በኋላም ከተማዋ ከአንድ ጊዜ በላይ ታምሳለች። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኅዳር 14 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መድረኩ ላይ የተናገሩት ባለሥልጣናት ናቸው። ክልሉ እስኪመሠረት ድረስ ጎረቤትና ጎረቤት ተፈራርቶ እንዳይቀር በየደጁ እየዞሩ የለመኑት ሽማግሌዎች ግን ንግግራቸው አልተቀዳም። ያረጀ ሰው በበትሩ ተደግፎ የሟች ቤትና የገዳይ ዘመድ ቤት በአንድ ቀን ሲገባ፣ በሁለቱም ቤት ጨሞ ሲቀርብለት፣ በሁለቱም ቤት ሲጠጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ጨሞ የቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በሚጥሚጣና በቅመማ ቅጠል የሚፈላ መጠጥ ነው፤ ያቃጥላል። ከተጣላ ሰው ጋር አይጠጣም። ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን መጠጣቱ ምን ማለት እንደሆነ አገሬው ያውቀዋል።

* * *

አባትን በአግባቡ ያስታወሱ ቤተሰቦች ግን አሉ፤ ከቡናው አገር ሳንወጣ።

ከጋምቤላ በስተ ሰሜን ደምቢዶሎ ላይ ቄስ ጊዳዳ ሶለን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳሉ ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጠፋው፤ ያ በሽታ፣ በኋላ ድሬሰሮቹ መርፌ ይዘው ያሳደዱት። በልመና ያደጉት ዓይነ ሥውር ልጅ አድገው ሰባኪ ሆኑ። በጣልያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን ሲወጡ የቤቴልን ቤተ ክርስቲያን ተሸክመው ካሻገሩት አገልጋዮች አንዱ ናቸው። ታሪካቸውን በሕይወት ሳሉ በቃል ነገሩ፤ ሌሎች ጻፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

ልጃቸው ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፤ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፖለቲካው ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወድላቸው ሌላ ነገር ነው፤ በጀርመን ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1984 የዶክትሬት ጥናታቸውን ሲጽፉ የመረጡት ርእስ የአባታቸውን አገር ሕዝብ፣ የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ ነበር። ከሽማግሌ አፍ የተገኘውን ትረካ ሰነድ አድርገው በወግ በማዕረግ አስቀመጡት። የራሳቸውም ሕይወት በ2003 ዓ.ም. ዳንኤል ተፈራ ባዘጋጀው «ዳንዲ፣ የነጋሶ መንገድ» በተባለው መጽሐፍ ተጽፏል። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ባዶ ገጽ አልጠበቀውም። የአባትየውም፣ የልጅየውም ታሪክ የተጻፈው በሕይወት ሳሉ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ከዚሁ ከማጂ ነው። ሃሮልድ ከርትዝ የሚባሉ አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ከኦሪገን ማጂ ገቡ። ልጆቹ ያደጉት በዚያ ተራራ ላይ ነው። ጄን ከርትዝ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሆነች፤ ከዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ጋር ሆና ለኢትዮጵያ ልጆች ቤተ መጻሕፍት የሚያቋቁመውን ኢትዮጵያ ሪድስን መሠረተች። እኅቷ ካሮላይን በ2019 እ.ኤ.አ. የማጂ ልጅነቷን በመጽሐፍ ጻፈች፤ በሽምግልናዋም ለማጂ የፀሐይ ብርሃን ኃይል ለማድረስ ደፋ ቀና ስትል ኖራለች። ይህን የማነሣው ፈረንጅ ለማሞገስ አይደለም። ማጂ ውስጥ በዚያው ዘመን ከነሱ ቤት አጠገብ የኖሩ፣ ከነሱ ያላነሰ ያገለገሉ የማጂ አባቶች ነበሩ፤ የነሱም ልጆች ዛሬ መምህራን፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎች፣ በውጭ አገርም ያሉ ናቸው። የነሱን መጽሐፍ ግን መደርደሪያ ላይ አናገኝም።

* * *

ወደ ዕድሩ ልመለስ። ዕድር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል እንጂ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ዘመድ በሌለበት ማን ይቀብረኛል ብሎ የፈጠረው ነው። ለዚህ ነው እንደ ሚዛንና ቴፒ ባሉ፣ ሁሉም ከየት እንደመጣ በሚጠያየቅባቸው ከተሞች ሥር የሰደደው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጥሩንባ ነፊ አለው። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ቀኑን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን ሳያዛባ የያዘ መዝገብም አለው። አንድ የታሪክ ተመራማሪ ስለ ሚዛን ተፈሪ ልጻፍ ቢል ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ይልቅ የአንድ አሮጌ ዕድር መዝገብ ብዙ ይነግረዋል፤ በየትኛው ዓመት ወባ ስንት ሰው እንደወሰደ፣ የትኛው ሰፈር መቼ እንደበዛ፣ ማን ከየት እንደመጣ። እነዚህ መዝገቦች ሲሞሉ አዲስ ይገዛል፤ አሮጌው ከጸሐፊው አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ጸሐፊው ሲሞት ምስጥና እርጥበት ይረከበዋል። የሚዛን እርጥበት ወረቀት አይምርም።

የዚያች ሌሊት ልጅ ሁለተኛውን ጽሑፍ ሲነጋጋ ጨረሰች። ርዝመቱ ከመጀመሪያው እጥፍ አይሆንም። ግን «ደግ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። በምትኩ ቡና ለቃሚው ገባ። በቃሬዛ የተሻገረችው ወላድ ገባች፤ የተወለደው ልጅ ዛሬ በከተማው ሹፌር ነው። አባቷ በጡረታ ከወጡ በኋላም በየጠዋቱ ደጃፋቸው ላይ የሚቀመጡበት ድንጋይ፣ የሠፈሩ ልጆች ቁስላቸውን እያሳዩዋቸው የሚያልፉበት ድንጋይ፣ ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲነበብ ሕዝቡ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይል ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሁሉ የሳቸው ሆነ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ ልጆቹ ጭራሽ የማያውቁት አባት ከሰው አፍ እየወጣ ይመጣ ነበር። ያን ሁሉ ግን የጻፈ አልነበረም፤ የለቀስተኛው ቁጥር በዝቶ ማንም ጊዜ አልነበረውም።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። አባትዎ፣ አጎትዎ፣ የሠፈርዎ የዕድር ዳኛ፣ ያስተማሩዎት መምህር በሕይወት ካሉ ስልክዎን አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠይቋቸው። ወደዚህ አገር የመጡት በምን ነው፣ ከማን ጋር? እዚሁ የተወለዱ ከሆነ አያታቸው ምን ይነግሯቸው ነበር? የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት ነበር፣ ምን ገዙበት? ማንን አስታረቁ? ማንን ቀበሩ? ያልተሳካላቸው፣ እስከ ዛሬ የሚቆጫቸውስ ምንድን ነው? የሚናገሩት በቤንችኛ፣ በሸክኛ፣ በካፍኛ፣ በሸኮኛ ከሆነ በዚያው ይቀዳ፤ ትርጉሙ ይደርሳል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለድንኳንና ለሬሳ ሣጥን ገንዘብ ከመላካቸው በፊት አሁን በስልክ ጥቂት ጊዜ ቢሰጡ አባታቸው ሳያልፉ ታሪካቸውን ይሰሙ ነበር።

ዕድሮችም በየደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አንድ ቅጂ ለዕድሩ ይሰጥ፣ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢና ቤተ መጻሕፍት አለው፤ አሮጌ የዕድር መዝገቦችን ፎቶ አንሥቶ ለባለቤቶቹ ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪዎችና በየሠፈሩ ዞሮ ሽማግሌዎቹን የሚያስፈቅድ ቅን ሰው ነው። ይህ ሥራ በዚህ ዓመት ይጀመር፤ መዝገቦቹን የጻፉት አባቶች ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የእጅ ጽሑፋቸውንም ሊያነቡልን ይችላሉ።